የሳተርንን ቀለበት ምሥጢር የፈታው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ ዓመት ለመታሰቢያው መጽሔት ጽሑፍ እንድናቀርብ በተጠየቅን ጊዜ፣ እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች በምን ጉዳይ ላይ ብንጽፍ እንደሚሻል ብዙ ተመካክረናል። ወደ ሰማይ ስለሚላኩት መንኰራኵሮች ለመጻፍ ይቻል ነበር። ነገር ግን መሣሪያ ሁሉ ከሰው አሳብ የሚወለድ ስለ ሆነ፣ አስቀድሞ ስለ ሰውየው መጻፍ ይገባል በማለት ተስማማን። ስለዚህም ከሞተ ከ300 ዓመት በላይ የሆነውን የሆላንዱን ሊቅ የክርስቲያን ሁይገንስን የሕይወት ታሪክ ለተማሪ ጓደኞቻችን፣ ለመምህራኖቻችንና ለወላጆቻችን ለማቅረብ ወደድን። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

በግዕዝ መጻሕፍት ዙሐል የተባለችውን፣ ዛሬ ሳተርን እያልን የምንጠራትን ፕላኔት የማያውቅ ተማሪ የለም። ትንሽ ልጅ እንኳ ፕላኔት ሣል ቢባል ክብ አድርጎ ሥሎ ዙሪያዋን በቀለበት ይከባታል። ይህ ነገር ዛሬ ቀላል መስሎ ይታየናል። ነገር ግን ወደ 50 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአውሮፓ የነበሩ ታላላቅ ሊቃውንት ይህንኑ ቀለበት በመነጽራቸው እያዩት ቀለበት መሆኑን አላወቁም። ዓይናቸው ታሞ አልነበረም፤ መነጽርም አላጡም። የጐደለው ዓይን ያየውን ነገር አእምሮ አጥርቶ የሚመረምርበት መንገድ ነበረ። እንግዲህ የሁይገንስ ታሪክ ማየትና ማወቅ አንድ አለመሆናቸውን የሚያስተምር ታሪክ ነው።

ትውልዱና አስተዳደጉ

ክርስቲያን ሁይገንስ ዘ ሄግ በተባለችው የሆላንድ ከተማ በአፕሪል 14 ቀን 1629 ተወለደ። አባቱ ኮንስታንታይን ሁይገንስ ዝነኛ ባለ ቅኔና የኦሬንጅ መሳፍንት ጸሐፊ የነበረ፣ ብዙ ቋንቋ የሚያውቅና ከብዙ አገር ሊቃውንት ጋር የሚጻጻፍ ሰው ነበረ። የዘመኑ ታላቅ ፈላስፋ ደካርት እንኳ ከቤቱ ወዳጆች አንዱ ነበር። እናቱ ሱዛና ግን በ1637 ስለ ሞተች፣ ክርስቲያን ገና በ8 ዓመቱ የእናት ፍቅር አጣ።

ልጁ ትምህርቱን በቤቱ ውስጥ በአስተማሪ ጀመረ። ላቲንን፣ ሙዚቃንና ሒሳብን ተማረ፤ ሥዕልም ይሥል ነበር። ከሁሉ ይበልጥ ደስ የሚለው ግን በእጁ ትንንሽ መኪናዎችን መሥራት ነበር። በ1645 ወደ ላይደን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ሕግና ሒሳብ ተማረ፤ ከ1647 ጀምሮ ደግሞ በብሬዳ ከተማ ትምህርቱን ቀጠለ። የአባቱ ፈቃድ ልጁ እንደ እርሱ የመንግሥት ሰው እንዲሆን ነበረ። ይሁን እንጂ የልጁ ልብ ወደ ሒሳብና ወደ ተፈጥሮ ምርምር ማዘንበሉን ባየ ጊዜ አልከለከለውም። እንዲያውም ከጥንቱ ሊቅ ከአርኪሜዴስ ጋር እያመሳሰለ በልጁ ይመካ ነበር። ወላጆች ለልጆቻቸው ያሰቡት መንገድና የልጆቹ ስጦታ ሳይስማማ ሲቀር ምን ማድረግ እንደሚገባ ከዚህ አባት መማር የሚቻል ይመስለናል።

የሳተርን እንቈቅልሽ

ሁይገንስ የፈታውን ነገር ለመረዳት ከእርሱ በፊት የሆነውን ማወቅ ያስፈልጋል። ጣሊያናዊው ጋሊሌዎ በ1610 መጀመሪያ ላይ በመነጽሩ ወደ ጁፒተር ተመልክቶ 4 ጨረቃዎች በዙሪያዋ ሲዞሩ አገኘ። ይህም ነገር የሰማይ አካላት ሁሉ መሬትን ብቻ እንደማይዞሩ ስላሳየ ዓለምን አስደነቀ። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ደግሞ ሳተርንን ቢመለከት አንዲት ሳትሆን ሦስት ሆና ታየችው፤ በመካከል አንድ ትልቅ ክብ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ትንንሽ ክቦች። እነዚህ እንደ ጁፒተር ጨረቃዎች ይዞሩ እንደ ሆነ ቢጠብቅ ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም። በ1612 ግን ሁለቱም ፈጽመው ጠፉ። ጋሊሌዎም እጅግ ተገረመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሰው ታዩ፤ በ1616 ሲመለከታቸው ደግሞ እንደ ማሰሮ ጆሮ ሆነው በፕላኔቷ ግራና ቀኝ ተጣብቀው አገኛቸው። ጋሊሌዎ በ1642 እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የዚህ ነገር ምክንያት አልተገለጸለትም።

ከእርሱም በኋላ ሳተርንን የተመለከተ ሁሉ የየራሱን ሥዕል ሣለ። አንዱ ሁለት ጆሮ ያላት አደረጋት፤ ሌላው የተንጠለጠሉ ኳሶች ጨመረላት፤ ሌላው ደግሞ ከፕላኔቷ የሚወጣ ተን ነው አለ። እያንዳንዱ የሣለው ያየውን ነበር፤ ነገር ግን ሥዕሎቹ እርስ በርሳቸው አይስማሙም ነበር።

መስተዋት መሞረድና አዲስ ጨረቃ

በዚያ ዘመን ጥሩ መነጽር ከገበያ ማግኘት ቀላል አልነበረም። መስተዋቱ አረፋና ጅማት የሞላበት ነበር፤ አሞራረዱም ትክክል ስላልሆነ የሚታየው ነገር ይደበዝዛል፤ በጠርዙም ላይ የቀስተ ደመና ቀለም ይታይበታል። ሁይገንስ የሌላ ሰው እጅ ከመጠበቅ ይልቅ፣ እንደ አባታቸው ኮንስታንታይን ከሚባለው ወንድሙ ጋር ሆኖ መስተዋት መሞረድ ጀመረ። ወንድማማቾቹ ጥቂት ብቻ የጐበጠ መስተዋት ብርሃንን ከሩቅ ቦታ ቢሰበስብም ምስሉን አጥርቶ እንደሚያሳይ ያውቁ ነበር። መነጽሮቻቸው እጅግ የረዘሙት ስለዚህ ነው።

በ1655 የሠሩት መነጽር ርዝመቱ 12 ጫማ ነበር፤ ይህም 4 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። የሚታየውንም ነገር 50 ጊዜ ያህል ያቀርብ ነበር። ሁይገንስ በማርች 25 ቀን 1655 በዚህ መነጽር ወደ ሳተርን ሲመለከት በአጠገቧ አንዲት ትንሽ ኮከብ አየ። ሌላ ሰው ቢሆን ከቋሚ ከዋክብት አንዷ ናት ብሎ ባለፋት ነበር። እርሱ ግን በተከታታይ ሌሊቶች የነበረችበትን ቦታ እየመዘገበ ተከታተላት። ከሳተርን ጋር አብራ ስትሄድና ዙሪያዋን በ16 ቀን ያህል ስትዞር አገኛት። ጋሊሌዎ የጁፒተርን ጨረቃዎች ካገኘ ከ45 ዓመት በኋላ አዲስ ጨረቃ ያገኘ የመጀመሪያው ሰው የ25 ዓመት ወጣት የነበረው ሁይገንስ ሆነ። ይህች ጨረቃ በኋላ በ1847 በእንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ቲታን ተብላ ተሰየመች።

ቀለበቱን በአሳብ እንዳገኘው

እዚህ ላይ አንባቢዎቻችን አንድ የሚያስደንቅ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። ሁይገንስ የቀለበቱን ምሥጢር የፈታው ቀለበቱ በደንብ በሚታይበት ጊዜ አይደለም። በ1655 የሳተርን ጆሮዎች እጅግ ቀጥነው ነበር፤ በ1656 መጀመሪያ ላይም ፈጽመው ጠፍተው ነበር። እንግዲህ መፍትሔውን የሰጠው የመነጽሩ ኀይል ብቻ ሳይሆን አሳቡ ነው። አሳቡም እንደሚከተለው ነበር።

መሬት በራስዋ ዙሪያ የምትዞረው በ1 ቀን ሲሆን፣ ጨረቃዋ ግን ዙሪያዋን የምትጨርሰው በ27 ቀን ገደማ ነው። ስለዚህ ወደ መካከሉ የቀረበው ፈጥኖ፣ የራቀው ደግሞ ቀስ ብሎ ይዞራል ማለት ነው። የሳተርን ጨረቃ በ16 ቀን የምትዞር ከሆነ፣ ከጨረቃዋ ይልቅ ለሳተርን የቀረቡት ጆሮዎች ከ16 ቀን ባነሰ ጊዜ መዞር አለባቸው። ጆሮዎቹ በግራና በቀኝ ያሉ ሁለት የተለያዩ አካላት ቢሆኑ ኖሮ፣ አንድ ቀን በጐን፣ ሌላ ቀን በፊትና በኋላ እየሆኑ መልካቸው በየቀኑ በተለዋወጠ ነበር። እነርሱ ግን ለብዙ ሳምንታት መልካቸውን ሳይለውጡ ይታያሉ። እየዞረ መልኩን የማይለውጥ ነገር ምንድን ነው? ዙሪያውን በሙሉ እኩል የሆነ ነገር፣ ማለት ቀለበት ነው።

ጆሮዎቹ ለምን እንደሚጠፉም ከዚሁ ተረዳ። ይህን ለመረዳት ማንም ሰው በቤቱ አንድ ሰፌድ አንሥቶ ሊፈትን ይችላል። ሰፌዱን በዓይናችን ትክክል አግድም ብንይዘው ጠርዙ እንደ ቀጭን መስመር ሆኖ ይታያል፤ ራቅ ካለም አይታይም። ጥቂት ዘንበል ብናደርገው ግን እንደ እንቍላል ቅርጽ ተከፍቶ ይታያል። የሳተርን ቀለበትም ዘንበል እንዳለ፣ ዝንባሌውን ሳይለውጥ ከፕላኔቷ ጋር ፀሐይን በ29 ዓመት ተኩል ይዞራል። ስለዚህ በየ15 ዓመቱ ገደማ ጠርዙን ብቻ ወደ እኛ ያዞራል። እጅግ ስስ ስለ ሆነም ያን ጊዜ ከዓይን ይሰወራል። ጋሊሌዎን በ1612 ያስገረመው ይህ ነበር።

ሁይገንስ ይህን ነገር ወዲያው ለዓለም አላወራም። አሳቡን ገና በብዙ ምልከታ ማረጋገጥ ፈልጎ ነበር፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ ሰው እንዳይቀድመው ሠጋ። ስለዚህ በ1656 ስለ አዲሲቱ ጨረቃ ባሳተመው ትንሽ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ የግኝቱን ቃል በላቲን ጽፎ፣ ፊደሎቹን ግን ከቦታቸው አፋልሶ በሀሁ ተራ ደረደራቸው። ማንም ሊያነበው አልቻለም። ፍቺው ግን ሳተርን የትም በማይነካት፣ ስስና ዝርግ በሆነ፣ ዘንበል ባለም ቀለበት ተከብባለች የሚል ነበር። በዚያ ዘመን ሊቃውንት መቅደማቸውን ሳይገልጡ ለማስመዝገብ እንዲህ ያደርጉ ነበር። በዚያው ዓመት በጥቅምት ገደማ ጆሮዎቹ እንዳሰበው ተመልሰው ታዩ። ከሦስት ዓመት ምልከታ በኋላም በ1659 ስለ ሳተርን ሥርዓት የጻፈውን ዋና መጽሐፍ አሳትሞ ምሥጢሩን ገለጠ። በመጽሐፉም ውስጥ ከእርሱ በፊት የነበሩ ሰዎች የሣሏቸውን ልዩ ልዩ ሥዕሎች ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ ከቀለበቱ አቀማመጥ የተነሣ እንዴት እንደ ተሳሳተ አሳየ።

ክርክርና ፈተና

አዲስ እውነት ያለ ተቃዋሚ አይቀርም። በሮም የነበረው ዝነኛ የመነጽር ሠሪ ኤዎስታኪዮ ዲቪኒ፣ ኦኖሬ ፋብሪ ከተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል ጋር ሆኖ በ1660 የተቃውሞ ጽሑፍ አወጣ። እነርሱም ጆሮዎቹ ቀለበት ሳይሆኑ ከሳተርን በስተኋላ የሚመላለሱ፣ አንዳንዶቹ የሚያበሩ አንዳንዶቹም ጥቍር የሆኑ ጨረቃዎች ናቸው አሉ። ሁይገንስም በዚያው ዓመት መልስ ሰጠ።

መጽሐፉ የተበረከተላቸው የፍሎሬንስ መስፍን ሌዎፖልዶ ደ ሜዲቺ ክርክሩን በሥልጣን ለመቍረጥ አልፈለጉም፤ ጉዳዩን በከተማቸው ለነበረው የምርምር ማኅበር ሰጡት። የማኅበሩም ሊቃውንት የሁለቱን ወገኖች አሳብ የሚያሳዩ አምሳያዎችን ሠርተው በአንድ ረጅም አዳራሽ ጫፍ አኖሩ፤ በመብራትም አብርተው ከሩቅ በመነጽር ተመለከቱ። ከዚህም አልፈው ስለ ክርክሩ ምንም የማያውቁ ያልተማሩ ሰዎችን ጠርተው የሚያዩትን እንዲሥሉ አደረጉ። እነዚህም ሰዎች የቀለበቱን አምሳያ አይተው የሣሉት የሊቃውንቱን የሳተርን ሥዕል የሚመስል ሆነ። እኛ ተማሪዎች ይህን ፈተና እጅግ ወደድነው። በክርክር ጊዜ ከጩኸትና ከማዕረግ ይልቅ ነገሩን ሠርቶ ማየት እንደሚበልጥ ያስተምራልና። ፋብሪም ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሁይገንስን አሳብ ተቀበለ።

የመጨረሻውን ምስክርነት የሰጠች ግን ሳተርን ራስዋ ናት። ሁይገንስ በ1659 መጽሐፉ ቀለበቱ በ1671 እንደገና እንደሚሰወር አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። በዚያው ዓመትም ተሰወረ።

የሊቁ ስሕተት

የታላላቅ ሰዎችን ታሪክ ስንጽፍ ድካማቸውን ብንደብቅ ለአንባቢ አይጠቅምም። ሁይገንስም ስሕተት ነበረበት። በ1659 መጽሐፉ መግቢያ ላይ ያን ጊዜ የታወቁት ፕላኔቶች 6፣ ጨረቃዎችም የመሬት 1፣ የጁፒተር 4፣ የሳተርን 1 በድምሩ 6 መሆናቸውን ቈጥሮ፣ ሁለቱ 6 ሲደመሩ 12 ስለ ሆኑና ይህም ፍጹም ቍጥር ስለ ሆነ ከዚህ በላይ ጨረቃ እንደማይገኝ ገመተ። የቍጥሩ ማማር አታለለው።

ጣሊያናዊው ጆቫኒ ዶሜኒኮ ካሲኒ ግን በፓሪስ ሆኖ በ1671 እና በ1672 ሁለት፣ በ1684 ደግሞ ሌሎች ሁለት የሳተርን ጨረቃዎችን አገኘ። ካሲኒ በ1675 ቀለበቱ በጥቍር ክፍተት ለሁለት የተከፈለ መሆኑንም አየ። እንግዲህ ሌሎች የተሳሳቱበትን ነገር በምርመራ ያረመው ሁይገንስ ራሱ ሳይመረምር በገመተው ነገር ላይ ተሰናከለ። በማርች 2025 የተመዘገቡት የሳተርን ጨረቃዎች ቍጥር 274 ደርሷል።

ሰዓቱና የፓሪስ ኑሮው

ሁይገንስ የሰማይን ነገር ብቻ የተከታተለ ሰው አልነበረም። በ1656 መጨረሻ ላይ ፔንዱለምን ከሰዓት ጋር አገናኝቶ የመጀመሪያውን ትክክለኛ የፔንዱለም ሰዓት አሰበ። ከዚያ በፊት የነበሩት ሰዓቶች በቀን 15 ደቂቃ ያህል ይሳሳቱ ነበር፤ የእርሱ ሰዓት ግን ስሕተቱን ወደ 15 ሰከንድ ገደማ አወረደው። ይህም ለከዋክብት ምርምር ትልቅ እርዳታ ሆነ። በባሕር ላይ የሚሄዱ መርከበኞችም ከአገራቸው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ምን ያህል እንደ ራቁ የሚያውቁበት ሰዓት እንዲያገኙ ብዙ ደከመ። ነገር ግን የመርከቡ መናወጥ ፔንዱለሙን ስለሚያውከው ይህ አሳቡ በሕይወቱ ዘመን አልተፈጸመለትም።

በ1665 ታሞ ተኝቶ ሳለ፣ በአንድ እንጨት ላይ የተንጠለጠሉ ሁለት ሰዓቶች ፔንዱለሞቻቸው ምንጊዜም በተቃራኒ አቅጣጫ እየተመላለሱ አንድ ላይ ሲመቱ አየ። ቢያውካቸውም ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ ተመልሰው ይስማማሉ። ምክንያቱንም ፈልጎ፣ እንጨቱ ከዓይን በተሰወረ ጥቂት መንቀጥቀጥ አንዱን ከሌላው እንደሚያገናኛቸው ተረዳ። በሕመም አልጋ ላይ እንኳ የማያርፍ አእምሮ ነበረው።

በ1663 የለንደኑ ንጉሣዊ ማኅበር አባል ሆነ። በ1666 ደግሞ የፈረንሳይ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሚኒስትር ኮልቤር በፓሪስ አዲስ የሳይንስ አካዳሚ ሲያቋቁም ሁይገንስን ጠርቶ ደመወዝና መኖሪያ ሰጠው። እዚያም ከ10 ዓመት በላይ ሠራ፤ በ1673 ስለ ፔንዱለም ሰዓት የጻፈውን ትልቅ መጽሐፉን ያሳተመው በዚያ ነው።

በዚሁ በፓሪስ የዴንማርኩ ተወላጅ ኦሌ ሮመር በ1676 ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ የሆነችውን ኢዮን ሲከታተል፣ መሬት ከጁፒተር ስትርቅ የጨረቃዋ ግርዶሽ ከሚጠበቅበት ሰዓት እየዘገየ መታየቱን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ ብርሃን በቅጽበት የሚደርስ ሳይሆን ለመጓዝ ጊዜ የሚፈጅ መሆኑ ታወቀ። ሁይገንስም በዚህ ተመርኵዞ የብርሃንን ፍጥነት አሰላ። ያገኘው ቍጥር ዛሬ ከሚታወቀው፣ በሰከንድ ወደ 300,000 ኪሎ ሜትር ከሚጠጋው ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም እስከዚያ ድረስ እንዲህ ያለ ነገር በቍጥር የገለጸ ሰው አልነበረም። ብርሃን እንደ ሞገድ የሚተላለፍ መሆኑን ያስረዳበትን መጽሐፉንም በ1690 አሳተመ።

የመጨረሻ ዘመኑ

የሁይገንስ ጤና ከወጣትነቱ ጀምሮ ደካማ ነበረ። በፓሪስ ሳለ በ1670 ለሞት የሚያሰጋ ሕመም ያዘው፤ በ1676 እንደገና አገረሸበት። በ1681 ታሞ ወደ አገሩ በተመለሰ ጊዜ፣ ሲሻለው ወደ ፓሪስ ለመሄድ አስቦ ነበር። ነገር ግን ደጋፊው ኮልቤር በ1683 ሞተ። በ1685 ደግሞ ንጉሥ ሉዊ የፕሮቴስታንቶችን የእምነት ነፃነት ይጠብቅ የነበረውን የናንት ዐዋጅ ሻረው። ሁይገንስም ፕሮቴስታንት ስለ ነበረ ብዙ የደከመበት አካዳሚ በር ተዘጋበት። አባቱም በ1687 ዐረፈ።

ሚስት አላገባም፤ ልጅም አልነበረውም። ወንድሙ ኮንስታንታይንም የንጉሥ ዊሊያም ጸሐፊ ሆኖ ወደ እንግሊዝ አገር ስለ ተሻገረ ብቸኝነቱ በዛ። ይሁን እንጂ ሥራውን አልተወም። ወንድማማቾቹ ርዝመታቸው ከ100 ጫማ በላይ ለሆነ መነጽሮች መስተዋት ሞርደው ነበር፤ እንዲህ ያለ ረጅም ቧንቧ ለመሸከም ስለማይቻል፣ ሁይገንስ መስተዋቱን በረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ አድርጎ ያለ ቧንቧ በገመድ እየመራ የሚመለከትበትን ዘዴ አወጣ። በ1689 ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ ከታላቁ ኒውተን ጋር ተገናኘ። በመጨረሻም በሌሎች ፕላኔቶች ላይ ሕይወት ይኖር ይሆን ስለሚለው ነገር መጽሐፍ ጻፈ፤ ግን ታትሞ አላየውም። በጁላይ 8 ቀን 1695 በ66 ዓመቱ በዘ ሄግ ዐረፈ። መጽሐፉ የወጣው በ1698 ነው።

ከሞተ በኋላ የሆነው

ሁይገንስ ቀለበቱ ምን እንደሆነ እንጂ ከምን እንደ ተሠራ አላወቀም፤ አንድ ወጥ ጠንካራ አካል ይመስለው ነበር። እስኮትላንዳዊው ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1859 ባሳተመው ጽሑፍ ወጥ የሆነ ቀለበት ተረጋግቶ ሊቈይ እንደማይችልና እያንዳንዳቸው የሚዞሩ ቍጥር የሌላቸው ትንንሽ አካላት መሆን እንዳለበት በሒሳብ አስረዳ። በ1895 አሜሪካዊው ጄምስ ኪለር የቀለበቱ የውስጥ ክፍል ከውጭው ይልቅ ፈጥኖ እንደሚዞር ከብርሃኑ መርምሮ ይህን አረጋገጠ። ዛሬ ቀለበቱ በአብዛኛው በረዶ መሆኑ ይታወቃል። ዋናዎቹ ቀለበቶች ከዳር እስከ ዳር 280,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሰፉ፣ ውፍረታቸው ግን በብዙ ቦታ 10 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የዩራነስ ቀለበቶች በ1977፣ የጁፒተር በ1979 ተገኙ፤ የኔፕቱንም በ1989 በቮያጀር 2 ተረጋገጡ። ስለዚህ አራቱም ታላላቅ ፕላኔቶች ቀለበት አላቸው ማለት ነው።

ቲታንም ቢሆን በ1655 እንደ ትንሽ ኮከብ የታየች ትምሰል እንጂ፣ ስፋቷ 5,150 ኪሎ ሜትር ያህል ስለ ሆነ ከሜርኩሪ ትበልጣለች። በኦክቶበር 1997 ካሲኒ የተባለች መንኰራኵር ሁይገንስ የተባለችውን ታናሽ መንኰራኵር ተሸክማ ከመሬት ተነሣች። በጃንዋሪ 14 ቀን 2005 ሁይገንስ በጃንጥላ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል በቲታን አየር ውስጥ ወርዳ በምድሯ ላይ ዐረፈች። የላከቻቸውም ሥዕሎች ፈሳሽ የቦረቦራቸውን ሸለቆዎችና እንደ ወንዝ ጠጠር የተድበለበሉ የበረዶ ድንጋዮችን አሳዩ። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 180 ዲግሪ ያህል ስለ ሆነ፣ በዚያ የሚፈሰው ውሃ ሳይሆን ፈሳሽ ሚቴን ነው። በሕይወታቸው ሳሉ በፓሪስ የተዋወቁት የሁለቱ ሊቃውንት ስሞች በዚህ ዓይነት ከ300 ዓመት በኋላ አብረው ሳተርን ደረሱ።

በማርች 2025 ቀለበቱ እንደ ልማዱ ጠርዙን ወደ መሬት አዙሮ ነበር። ያን ጊዜ ግን የተገረመ ሊቅ አልነበረም፤ ቀኑ አስቀድሞ ታውቆ ነበርና።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ሕይወት የምንማረው ብዙ ነው። መሣሪያ ሲጐድለው በእጁ ሠራ፤ ያየውን በየሌሊቱ መዘገበ፤ ከመዘገበው ተነሥቶ አሰበ፤ ያሰበውንም ለሦስት ዓመት ፈተነ። ሳይፈትን የገመተው ነገር ግን ቢያምርም አልጸናለትም። በዚህ በበዓላችን ዓመት በክፍሎቻችን ውስጥ ያለነው ተማሪዎች ከሁይገንስ ይህን ልማድ ብንወርስ፣ ይኸውም ዓይናችን ያሳየንንና ልባችን የወደደውን ሳንመረምር እውነት ነው ባንል፣ ትምህርት ቤታችንንም አገራችንንም የምንጠቅም ሰዎች እንደምንሆን አንጠራጠርም።